ደጅ ያጣች ልደታ

የልደታ ንፍሮ ቤት አይገባም። ሰንጋ ተራ ያደገ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሐና እና ኢያቄም ከቤታቸው ርቀው በሊባኖስ ተራራ ሳሉ እመቤታችን ተወለደች፤ በዱር ሆነው ንፍሮ በሉ ይባላልና ግንቦት 1 ቀን ንፍሮው ደጅ ተቀቅሎ ደጅ ይበላል። ለበዓሉ ከስንዴውም ከሽምብራውም በፊት የሚያስፈልገው እንግዲህ ደጅ ነው። በበዓሉ ስም የሚጠራው ክፍለ ከተማ ሰንጋ ተራን እንደ አዲስ ሲሠራ የተረሳው ይኸው ደጅ መሆኑ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ቤቶቹ ለምን ፈረሱ አልልም። ጣሪያቸው ያፈስ ነበር፤ አንድ ሽንት ቤት ስንት ቤተሰብ ይጋራው ነበር። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የተወረሱት ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ከዚያ ወዲህ አስታዋሽ አልነበራቸውም። የምቆጨው ከፈረሱ በኋላ በመጣው ዕድል ነው። በመሐል አዲስ አበባ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ ጥግ፣ መሬት ተገኘ፤ ምን ይሁንበት ብሎ ከባዶ ወረቀት መጀመር ይቻል ነበር። ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ይባላል፤ ያኔ ግን ክረምቱ ገና አላለፈም ነበር።

በፈረሱት ቤቶች መካከል የነበረው ጭቃ ግቢ ዓመቱን የምናይበት መስኮታችን ነበር። ነሐሴ 13 የቡሄ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ የሚገቡት እዚያ ነው። ጳጉሜ 3 በሩፋኤል ዝናብ የምንቦርቀው፣ ለመስቀል ደመራ የምንደምረው እዚያ። በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን የፈጀው የኅዳር በሽታ ተመልሶ እንዳይመጣ ኅዳር 12 ቆሻሻው የሚጠረገውና የሚታጠነውም እዚያ። ግንቦት ሲጠባ ደግሞ ልደታ ትመጣለች። ከዋዜማው አንዷ ስንዴ፣ አንዷ ባቄላ ታዋጣለች፤ የሌላት ማገዶ ታመጣለች፣ ወይም ውኃ ትቀዳለች። ትልቁ ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ይጣዳል። ክዳኑ ሲነሣ እንፋሎቱ ፊታችንን ይመታል፤ ቆዳው የተተረተረ ስንዴ ከሽምብራ ጋር ይታያል። እማማ ጨው ነስነስ አድርገው ጭልፋውን ይዘው «ና ልጄ፣ እጅህን ዘርጋ» ይላሉ። መዳፍ ስለሚያቃጥል ካንዱ እጅ ወደ ሌላው እያገላበጥን፣ እፍ እያልን እንበላለን። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆችም እጃቸውን ዘርግተው ከእኛ ጋር ናቸው። ቡናው ይቀጥላል፤ የተኳረፉ ይታረቃሉ፤ ለከርሞ በሰላም ያድርሰን ይባላል። ለዚህ ሁሉ ደስታ አንድ ጣሳ እህል ይበቃ ነበር።

ከዚያስ? የ40/60 የጋራ መኖሪያ ቤቶች መጀመሪያ ከቆሙባቸው ቦታዎች አንዱ ሰንጋ ተራ ሆነ፤ በ2009 ዓ.ም. ከክራውን ሳይት ጋር 1,292 ቤቶች በዕጣ ወጡ። በዙሪያው የባንክና የኢንሹራንስ ፎቆች በቀሉ። በሕንፃዎቹ መካከል የተረፈው ቦታ መኪና ይቆምበታል። የመስቀልን በዓል ዩኔስኮ የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ አድርጎ የመዘገበው በኅዳር 2006 ዓ.ም. ነው፤ ዓለም በዓላችንን በመዝገብ ሲያሰፍር እኛ የሰፈር ደመራ የሚተከልበትን መሬት በሲሚንቶ እየደፈንን ነበር።

ይበልጥ የሚያበግነኝ የጎደለው ነገር ትንሽ መሆኑ ነው። ለተወሰኑ ብሎኮች አንድ ጥላ ያለው ዛፍ፣ አንድ ቧንቧ፣ እሳት ቢነድበት ማንም የማይቆጣበት ጥቂት ካሬ ሜትር አፈር። ፎቁ በዚህ አንድ ወለል አይቀንስም ነበር። እነዚያ እናቶች አሁን በከተማው ዳር ዳር ተበትነዋል። ንፍሯቸውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ቀቅለው በረንዳ ላይ ይቀምሳሉ፤ ልጆቻቸው ከሥራ እስኪመጡ ይቀዘቅዛል። ማን ስንዴ፣ ማን ባቄላ እንደሚያዋጣ የሚያውቀው ጉርብትና አብሮ ተበትኗል፤ አንዳንዶቹም ሌላ ዕድር ቀብሯቸዋል።

ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት በነበሩት ስብሰባዎች ስለ ካሳ፣ ስለ ምትክ ቤት፣ ስለ ፎቅ ቁጥር ብዙ ተጨቃጨቅን። ደጅ ይተውልን ብሎ እጁን ያወጣ አልነበረም። ፕላኑን የያዘውም ልደታን የት ነበር የምትበሉት ብሎ አልጠየቀንም። ቤቶቹ ከፈረሱ በኋላ መሬቱ ባዶ ነበር፤ ባዶ!