ጓዳ ያስተማረኝ አማርኛ

አባቴ መምህር ስለነበር ልጅነታችን ያለፈው በዝውውር ነው። አዲስ ከተማ በገባን ቁጥር ጓዛችን ሳይፈታ የጎረቤት እናቶች የሚበላና የሚጠጣ ይዘው ከተፍ ይላሉ። የአገሩን አማርኛ የምጀምረውም ከዚያው ከሚቀርብልን ነበር።

ዳባት ላይ መጀመሪያ የተዋወቅሁት ኮረፌን ነው። ከጎንደር በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በዚያች ብርዳማ ከተማ፣ አሮጊቷ ጎረቤታችን ኮረፌ ሲጠምቁ ከአጠገባቸው አልጠፋም። ገብሱ ተሸክሽኮ ውሃ ውስጥ ያድራል፤ ከዚያ ተቆልቶ ይፈጫል። ከጌሾ ጋር ተደፍድፎ ጋን ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ይከርማል። እንግዳ እንደሚመጣ ሲሰሙ ከድፍድፉ ጨልፈው፣ ውሃ ጨምረው ያሳድሩታል፤ በማግስቱ ይጠጣል። እኔ ጋኑ ሥር ቁጭ ብዬ ስቁለጨለጭ፣ “ያንተ ቅራሪው ነው፣ የኔ ጌታ፤ ኮረፌው ይቆይህ” ይሉኝና ከጠላው አተላ ላይ በውሃ የወጣውን ቀጭን ቅራሪ ይቀዱልኛል። በቆሎን “ባሕር ማሽላ” ሲሉ የሰማሁትም ከእሳቸው ነው፤ በእርግጥም በቆሎ ከአሜሪካ ምድር ባሕር ተሻግሮ የመጣ እህል ነው።

ወደ ኮምቦልቻ ስንዛወር አየሩም ማዕዱም ተለወጠ። በዒድ ቀን ጎረቤቶቻችን ከሪቦ ቀዱልን፤ ጠቆር እስኪል ከተቆላ ገብስ በስኳር የሚዘጋጅ፣ የማያሰክር መጠጥ ነው። እዚህ “ይቆይህ” የሚል የለም፤ ትልቁም ትንሹም እኩል ይጠጣል።

ከሁሉ የበለጠብኝ ግን ጥንቅሽ ነበር። ማሽላው እሸት ሲሆን የጎረቤታችን ልጅ እርሻ ውስጥ ይዞኝ ገብቶ፣ አገዳው የሚመጠጠውን እንዴት እንደምለይ አሳየኝ። በቅጠሉ መሐል የሚወርደው ሰረዝ ነጭ ከሆነ አገዳው ደረቅ ነው፤ ወየብ ካለ ውሃ አለው። ልጣጩን በጥርሳችን እየገፈፍን፣ ጣፋጩን እየመጠጥን፣ ምጣጩን እየተፋን እስኪመሽ እንቆያለን።

አማርኛን በትምህርት ቤት ብቻ ተምሬው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ሀብት ሳላውቀው በቀረሁ። ከእያንዳንዱ ስም ጀርባ ብርዱን፣ እህሉንና የእናቶችን ድካም ያየሁት በየጓዳው ነው። ስለዚህ ልጆቼ ወደ ክፍለ ሀገር ሲሄዱ አደራ የምላቸው አንድ ነው፦ የቀረበላችሁን ስሙን ጠይቁ፤ አሠራሩንም ጠይቁ። ባለቤቶቹ በደስታ ያስተምሯችኋል።