ደብዳቤውን ያነበበው ልጁ ራሱ ነበር

ውድ ወላጆች፣ ይህን የምጽፍላችሁ መምህር ነኝ። ልጆቻችሁን ለመክሰስ ሳይሆን የራሴን ስሕተት ላጫውታችሁ ነው።

አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ፤ በሒሳብ ብርቱ ነው። ከሐኑካ በዓል በኋላ ግን ከትምህርት መቅረት ጀመረ። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቆይቶ ሦስት ቀን ሆነ። እኔም ለቤተሰቡ በዕብራይስጥ ደብዳቤ ጻፍኩ። በማግሥቱ ተፈርሞበት ተመለሰ። ደግሜ ጻፍኩ፤ እሱም ተፈርሞ መጣ። እናቱ እያወቁ ዝም አሉ ብዬ ተቀየምኳቸው።

በመጨረሻ አንድ ማታ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ቀርቦ ጥቂት ከተጫወትን በኋላ "ልጅዎ ከትምህርት እየቀረ ተቸገርኩ" ብላቸው ደነገጡ።

"ኧረ መምህር! ደብዳቤው እኮ ልጅዎ ጎበዝ ነው የሚል ነው። አንብቦልኝ ነው የፈረምኩት።"

ልጁ አንገቱን ደፋ። ልቆጣው ስል ሌላው ጉዳይ ወጣ። ከቀረባቸው ቀኖች ብዙዎቹ እናቱን ይዞ ኩፓት ሖሊምና ቢቱዋሕ ሌኡሚ የሄደባቸው ናቸው። የሚያስተረጉምላቸው ሌላ ሰው የለም። በቀሩት ቀኖች ግን ከጓደኞቹ ጋር አውቶቡስ ጣቢያ ሲዞር ነበር። አንዴ በምክንያት የቀረ ልጅ ትምህርቱ ያመልጠዋል፤ ከዚያ ክፍል መግባት ያሳፍረዋል፤ ያን ጊዜ ያለ ምክንያትም ይቀራል።

እኔም በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ስመጣ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴን ይዤ ከቢሮ ቢሮ ዞሬአለሁ። ጸሐፊዋ የተናገረችው ሳይገባኝ፣ እንደገባኝ ሆኜ ለአባቴ የነገርኩበት ቀን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ይህን እያወቅሁ፣ አማርኛ እየቻልኩ፣ በዕብራይስጥ መጻፌ!

በ1949 የወጣው የግዴታ ትምህርት ሕግ በየጊዜው እየሰፋ መጥቶ ዛሬ ከ3 ዓመት ሕፃን እስከ 12ኛ ክፍል ይደርሳል። ቀሪ የሚያበዛ ተማሪን የሚከታተል "ካባስ" የሚባል ሠራተኛም አለ። ቤታችሁ ቢመጣ ፖሊስ መስሏችሁ አትደንግጡ፤ ችግራችሁን ንገሩት።

የሐኪም ቀጠሮ ስትይዙ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እንዲሆን ጠይቁ። አማርኛ አስተርጓሚም ጠይቁ፤ አትፈሩ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ቋንቋ ለማይችል ሰው አገልግሎቱን ማመቻቸት የጤና ተቋማቱ ሥራ እንጂ የልጃችሁ ሥራ አይደለም። ከትምህርት ቤት የመጣ ወረቀት ደግሞ ጎረቤት ወይም መጋሼር ሳያነብላችሁ አትፈርሙ።

ልጁ አሁን ወደ ክፍሉ ተመልሷል። ሐሙስ ሐሙስ ግን አንዳንዴ ይጠፋል። እኔም ሐሙስ ማታ እናቱ ዘንድ እደውላለሁ፤ በአማርኛ።