ሃያ ሰባት ሰከንድ

ስለ ታላላቅ ሯጮች በተነሣ ቁጥር «የተፈጥሮ ስጦታ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ!» የሚል ሰው አይጠፋም። ስጦታ መኖሩን አልክድም። ዳሩ ግን ነገሩን በዚሁ ከዘጋነው፣ ሯጩን አድንቀን ወደየቤታችን ከመግባት በስተቀር የምናተርፈው የለም። እኔ የሯጮች ልማድ ዳቦ ቤት ውስጥ ሲሠራ አይቻለሁና ያየሁትን ለዚህ ሰሌዳ አንባቢዎች ላካፍል።

በመጀመሪያ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2002 (እ.ኤ.አ.) የለንደንን ማራቶን የጨረሰው በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ሲሆን፣ የወጣውም 3ኛ ነበር። በ2007 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዓመቱ፣ በ2008፣ እዚያው በርሊን ሰዓቱን ወደ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ አወረደው። በሁለቱ ክብረ ወሰኖች መካከል ያለው ልዩነት 27 ሰከንድ ነው። ይህን ለ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ብናካፍለው፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚደርሰው 0.64 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ከ2002 እስከ 2008 ያለውን ስድስት ዓመት ሙሉውን ብንወስድ እንኳ በኪሎ ሜትር 4 ሰከንድ አይሞላም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን እንቁላሉ ዝም ብሎ ስለ ተቀመጠ እግር አያወጣም፤ የምትታቀፈው ዶሮ አለች። ሯጭም ዝም ብሎ ቀን ስለ ቆጠረ አይሻሻልም። የኬንያው ኤልዩድ ኪፕቾጌ የዕለት ልምምዱን በደብተር የሚመዘግብ ሯጭ መሆኑ የታወቀ ነው። ስንት እንደ ሮጠ፣ በስንት ደቂቃ እንደ ሮጠ ካልጻፈ፣ ዛሬ ከትናንት መሻሉን በምን ያውቃል?

አሁን ወደ ዳቦ ቤቱ ልግባ። እኅቴ በአንዲት የወረዳ ከተማ አነስተኛ ዳቦ ቤት አላት። ጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ በዕድሜ የገፉ ባለሙያ፣ ሌላው ገና ወጣት። ለዕረፍት ሄጄ ሳለሁ ዳቦው እያረረ ሱቆች ይመልሱባት ነበር። ጥፋቱን በልጁ ላይ አድርጋ በወሩ መጨረሻ ልታሰናብተው ቆርጣለች። ልጁ ደግሞ እናቱን የሚጦረው በዚያች ደመወዝ ነው።

«እታለም፣ እስቲ ሁለት ሳምንት ታገሺኝ» አልኳትና ባለ 50 ገጽ ደብተር ገዝቼ አሰመርኩ። ቀኑ፣ የጋገረው ሰው፣ ያረረው ዳቦ ብዛትና ዳቦው ከምድጃው የትኛው ክፍል እንደ ወጣ እንዲጻፍበት ሆነ። ሁለቱ ሳምንታት ሲያልቁ ደብተሩ የተናገረው ሌላ ነገር ነበር። ባለሙያው ጋገሩም ልጁ ጋገረ፣ ካረረው ዳቦ አብዛኛው የሚወጣው ከምድጃው የኋላ ቀኝ ማዕዘን ነው! ከዚያ በኋላ ትሪዎቹ በመጋገሪያው ሰዓት አጋማሽ ላይ እንዲዞሩ ተደረገ፤ የሚያርረውም በጣም ቀነሰ። ልጁም በሥራው ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ መለወጥ ጀመሩ። በዓይን ይቆረስ የነበረው ሊጥ በሚዛን ሆነ። የዱቄቱ ጆንያ ወደ ማቡኪያው ተጠጋ። ሁሉም አልሠመረም። አንድ ሳምንት ሊጡ የሚቦካበትን ጊዜ ቢያሳጥሩ ዳቦው እንደ ድንጋይ ጠጠረና ወደ ቀድሞው ተመለሱ። እኅቴ ሥራው ሲቃናላት ጊዜ የሳምንቱን የዕረፍት ቀን ልታስቀር ፈልጋ ነበር። ሽማግሌው ጋጋሪ «እትዬ፣ የደከመ እጅ ሊጥ አያውቅም» ብለው አስተዋት። አሠልጣኞችም በልምምድ ፕሮግራማቸው ውስጥ የዕረፍት ቀን የሚያስገቡት ለዚሁ ነው።

ጃፓኖች እንዲህ ያለውን የማያቋርጥ መሻሻል ካይዘን ይሉታል። በአገራችንም በ2011 (እ.ኤ.አ.) የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ይኸው አሠራር በድርጅቶች ውስጥ እንዲለመድ ሲጣር ቆይቷል። በቶዮታ ፋብሪካ ጉድለት ያየ ሠራተኛ ገመድ ስቦ እንዲያስታውቅና አስፈላጊም ከሆነ ሥራው እንዲቆም ተፈቅዶለታል። ታዲያ ገመዱን የሳበው ቢቀጣ ነገ ማን ይስባል?

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሯጭ በደብተሩ እውነቱን የሚጽፈው ደብተሩ የራሱ ስለ ሆነ ነው። «ዛሬ ደከምኩ» ብሎ ቢጽፍ ነገ ይረዳዋል እንጂ እንጀራውን አያሳጣውም። በንግድ ቤት ግን ደብተሩ በአሠሪው እጅ ነው። ያረረውን ዳቦ የጻፈ ልጅ በጻፈው ከተባረረ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩ ላይ የሚያርር ዳቦ አይኖርም፤ ምድጃው ውስጥ ግን ይኖራል። መለኪያ የሚሠራው ሰው ሳይፈራው ነው።

እኛስ? ዕጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ከኋላ ወንበር ቅጽ ይዞ የሚቀመጥ ተመልካች አለ። ቅጹ የሚያስፈራን ከሆነ የምናሳየው ትምህርት ሳይሆን ትርኢት ይሆናል። ነገ ደግሞ የማርክ መዝገቡን የምንይዘው እኛ ነን። ተማሪው ያልገባውን «አልገባኝም» እንዲል ከፈለግን፣ መዝገባችን አለንጋ መሆን የለበትም።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ በዚህ ሳምንት አንዲት ነገር ብቻ እንምረጥ። ለምሳሌ የሰሌዳ ጽሕፈታችንን። አንድ ባልንጀራ መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጥና ያልተነበበውን መስመር ቆጥሮ ይንገረን። በሚቀጥለውም ሳምንት እንደገና ይቁጠርልን። ቁጥሩ በአንድ ቢቀንስ ትንሽ ነው አንበል፤ 0.64 ሰከንድም ትንሽ ነበረች።