በአራት ማዕዘን ውስጥ የተወጠሩ አውታሮች

ሰሞኑን በወረቀት ላይ የምነድፈው መሣሪያ የእስክንድርያው ሊቅ ክላውዴዎስ በጥሊሞስ በ2ኛው መቶ ዓመት ስለ ዜማ ስምምነት በጻፈው መጽሐፍ የገለጸው ሄሊኮን ነው፤ ለዘፈንም ለማሕሌትም አልተሠራምና የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ጎኑ 12 የሆነ እኩል አራት ማዕዘን ተሥሎ፣ ከግራው ላይኛ ማዕዘን ተነሥቶ በቀኙ ጎን እኩሌታ የሚያርፍ አንድ ሰያፍ፣ ከቀኙ ላይኛ ማዕዘንም ወደ ግራው ታችኛ የሚወርድ ሌላ ሰያፍ ይሰመርበታል። ከዚያም ርዝመታቸውም ቅኝታቸውም እኩል የሆኑ አራት አውታሮች ከላይ ወደ ታች ይወጠራሉ፦ በግራው ጎን፣ በመካከል፣ ሁለቱ ሰያፎች በሚገናኙበትና በቀኙ ጎን። በፊተኛው ሰያፍ ሥር አውታሮቹን የሚደግፍ በርኩማ ሲገባ፣ ከእርሱ በታች የሚቀረው ርዝመት በየተራ 12፣ 9፣ 8 እና 6 ይሆናል፤ 12 ከ6 ጋር ስምንተኛውን፣ ከ8 ጋር አምስተኛውን፣ ከ9 ጋር አራተኛውን ድምፅ ያሰማል። መቃኛ ያጠበቀ እጅ ሳይኖር አንዲት ቀጥተኛ መሥመር ሁሉን ቃኘች! በጥሊሞስ ጆሮንና ልቡናን ሁለት ዳኞች አድርጎ ያቆማቸዋል፤ በሦስተኛው መጽሐፉ ስምምነቱን ከነፍስ ባሕርይና ከከዋክብት ጉዞ ጋር ቢያዛምደውም፣ ለእኔ ምሥጢሩ የሚታየኝ በዚያች ሰያፍ ላይ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ሮበርት ፍለድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1617 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከምድር እስከ ሰማየ ሰማያት የተወጠረ ባለ አንድ አውታር መሣሪያ አሥሎ፣ ፀሐይን በመካከል አኑሮ፣ መቃኛውን ከደመና ለወጣች እጅ ሰጠ። ሥዕሉ ግሩም ነው፤ ነገር ግን የከዋክብት ተመራማሪው ዮሐንስ ኬፕለር እንደ ነቀፈው፣ ልኩ ከሰማይ የተወሰደ ሳይሆን ከራሱ አሳብ የመጣ ነው።

የራሳችን በገና ከሁለቱም ይለያል። አባቶች አሥሩን አውታር በዐሥርቱ ቃላት ይመስሉታል፤ ሆኖም ብዙዎቹ ደርዳሪዎች የሚመቱት አምስቱን ወይም ስድስቱን ሲሆን የቀሩት የጣት ማረፊያ ናቸው። ለዜማው ብቻ ቢሆን ስድስት በበቃ ነበር፤ ሠሪው ግን አሥር መቃኛ ይተክላል።

እኔም በንድፌ ላይ ዝም የሚሉ አውታሮች ልጨምር አስቤ ተውሁት፤ የሄሊኮን ሥራው መዳኘት ነውና። ከበገናው የበግ አንጀቱን እዋሳለሁ፤ አውታሩን የሚያስነዝረውን ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራውን፣ ግን አላስገባም፤ ያ ነዛሪ ድምፅ ለጸሎት ቢጥምም፣ 9ን ከ8 ለመለየት የሚያደምጥን ጆሮ ያውካል።