የቤት ልማድና የወጣት ሰውነት

የሰውነት ክብደት በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ የሚወሰን ይመስላል። ነገር ግን ማዕዱን የሚያቀርበው፣ ሥራውን የሚያከፋፍለውና የመኝታውን ሰዓት የሚወስነው ቤተሰብ ስለ ሆነ፣ የወጣት ጤናማ ክብደት ከሁሉ በፊት የቤት ልማድ ፍሬ ነው። እናንተም ይህን ስታነቡ የየቤታችሁን ልማድ በልቡናችሁ መርምሩ።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የምትገኘውን ጉባን ለምሳሌ ልውሰድ። ብዙ ሰው ጉባን የሚያውቃት ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ነው፤ እኔ ግን የማነሣው ስለ ምድጃዋ ነው። በዚህ ቆላ አገር የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ይበላል፤ ከዓባይም ዓሣ ይጠመዳል። ማሽላው ለሥራ ኃይል ይሰጣል፤ ዓሣው ሰውነትን ይገነባል፤ ባሚያውም ከበሽታ ለመከላከል ይረዳል። ከዚህ ማዕድ ይልቅ የሱቅ ጣፋጭ ለሚያምራችሁ ትንሽ ሒሳብ ላሳያችሁ። ብዙዎቹ ለስላሳ መጠጦች በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ያህል ስኳር አላቸው፤ እንግዲህ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ የጨረሰ ልጅ ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ጠጣ ማለት ነው። ጥሙን ግን ንጹሕ ውሃ ይቆርጥለት ነበር።

ሆኖም የክብደት ችግር ሲባል ውፍረት ብቻ አይምሰላችሁ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል 22 በመቶው ከሚገባው በላይ የከሱ፣ 8 በመቶው ደግሞ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የአንዱ ቤት ሥራ መቀነስ ሲሆን የሌላው መጨመር ነው።

በመምህርነት ዘመኔ አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። በቤቷ «ወፈርሽ» እየተባለች ስለሚሳለቁባት ቁርሷን ትታ ትመጣ ነበር፤ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ዓይኗ ከሰሌዳው ይሸሻል፤ ማታ ግን የቀኑን ረኀብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ትወጣዋለች። በኋላ እናቷ ፌዙን ከለከሉ፤ ቤተሰቡም ጠዋት ጠዋት በአንድ ገበታ መቁረስ ጀመረ። ልጅቱን ማንም ሚዛን ላይ አላወጣትም፤ ነገር ግን ትምህርቷን በንቃት መከታተል ቻለች። በማደግ ላይ ያለ ሰውነት በረኀብ አይቀጣም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ያህል ሰውነታቸውን በሚገባ እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። በከተማ ተቀምጣ የምትውል ልጅ ከቤተሰቧ ጋር በእግር ትሂድ። በገጠር ከሩቅ ውሃ የምትቀዳዋ ግን የሚያስፈልጋት ሌላ ስፖርት ሳይሆን፣ ከወንድሞቿ እኩል መብላትና ሸክሙን የሚያግዛት ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ገበታ ሲቀርብ ማን ቀድሞ እንደሚበላ፣ ማን የተረፈውን እንደሚጠብቅ ልብ በሉ፤ ቦታም ልቀቁለት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ መልካም ልማድም የሚጸናው በእንዲህ ያለ ትንሽ ሥራ ነው።