ሚታይኮስ ይፍረደኝ

ዓሣ ወይም ሽሪምፕ የገባበት ፓስታ ላይ ቺዝ መነስነስ በጣልያን አገር ነውር ነው። አዋጅ አልወጣበትም፣ ቅጣትም የለውም። ነገር ግን ሮም ገብታችሁ የባሕር ምግብ ያለበት ስፓጌቲ ካዘዛችሁ በኋላ «ፓርሚጃኖ ይጨመርልኝ» ብትሉ አስተናጋጁ እናቱን እንደ ሰደባችሁበት ያያችኋል። ለምን ሲባሉ የዓሣ ጣዕም ስስ ነው፣ ቺዝ ይጫነዋል ይላሉ። ሐሰት አይደለም። ችግሩ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከሥራ መልስ ቶሎ የምትደርስልኝ ራት ሽሪምፕ፣ ፓስታና ቺዝ ባንድ መጥበሻ የሚገናኙባት መሆኗ ነው። የሚሟገትልኝ ሰው ከታሪክ መፈለግ ግድ ሆነ።

መጀመሪያ ያሰብኩት የሮሙን ወጥ ቤት አልፍሬዶ ዲ ሌሊዮን ነው። ቤተሰቡ እንደሚተርከው፣ ሚስቱ ኢነስ እ.ኤ.አ. በ1908 ወልዳ ምግብ አልወስድ ሲላት ፌቱቺኒ የተባለውን ፓስታ ቀቅሎ በቅቤና በፓርሚጃኖ ለወሰላት። የኛዋ አራስ ገንፎ በቅቤ ይቀርብላት የለ? ያው ነው። በ1914 ሮም ውስጥ ስክሮፋ በሚባለው መንገድ የራሱን ምግብ ቤት ከፈተ። በ1920 የሆሊውድ ተዋንያኑ ሜሪ ፒክፎርድና ዳግላስ ፌርባንክስ ለጫጉላ ሽርሽር መጥተው ቀመሱለትና ወደዱት፤ በ1927 ደግሞ የወርቅ ሹካና ማንኪያ ሸለሙት። የአራስ ምግብ በዚህ ዓይነት ዝነኛ ሆኖ ባሕር ተሻገረ።

አሜሪካ ሲደርስ ግን ዘመድ አበዛ። ክሬም ገባበት፣ ዶሮ ተከተለ፣ ሽሪምፑም አልቀረም። በ1982 ኦርላንዶ ላይ የመጀመሪያ ምግብ ቤቱን የከፈተው ኦሊቭ ጋርደን የተባለው ድርጅት ነገሩን በየከተማው አዳረሰው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አልፍሬዶ ማለት ነጭ ወፍራም መረቅ ነው። ሟቹ አልፍሬዶ ግን ክሬምም ሽሪምፕም አላስገባም፤ የእሱ ቅቤና ቺዝ ብቻ ነበር። ስለዚህ ምስክርነቱ ለእኔ አይጠቅምም፤ እንዲያውም ለከሳሾቼ ያደላል።

ነውሩ ከጾም የመጣ ነው የሚሉም አሉ። በካቶሊክ አገሮች በጥንቱ ሥርዓት የጾም ቀን ሥጋ ብቻ ሳይሆን ቅቤና ቺዝም ክልክል ነበር፣ ዓሣ ግን ይበላል። ታዲያ ዓሣና ቺዝ አንድ ገበታ ላይ የት ይተዋወቃሉ? ለእኔ ይህ ከጣዕሙ ክርክር ይልቅ ይጥመኛል። ያም ሥርዓት ቢሆን በገንዘብ ላልቷል። በ1491 የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 8ኛ ለሳክሶኒ ሰዎች በጾም ቅቤ እንዲበሉ በክፍያ ፈቀዱላቸው። ፈረንሳይ ውስጥ ሩዋን በሚባል ከተማ ያለው ካቴድራል አንዱ ግንብ እስከ ዛሬ የቅቤ ግንብ ይባላል፤ በጾም ቅቤ ለመብላት ፈቃድ የገዙ ምእመናን ገንዘብ ነው ያሠራው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ድርድር አልተሞከረም። አዲስ አበባ ውስጥ በጾም ቀን ፓስታ በአትክልት ያዘዘና ፓስታ በቱና ያዘዘ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ዓሣ ጾም ነው አይደለም እያሉ ምግቡ ይቀዘቅዛል። ቺዝ ይነስነስ ያለ ግን ከሁለቱም ወገን ደጋፊ አያገኝም።

ጠበቃዬን ያገኘሁት በመጨረሻ ነው፤ ስሙ ሚታይኮስ ይባላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን የኖረ የሲሲሊ ወጥ ቤት ነው። ፕላቶን ሳይቀር በስም ያነሳዋል። የምግብ አሠራር መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ መጽሐፉ ጠፋና ጥቂት ቁራጭ ብቻ ተረፈ። እሱንም ያቆየልን በግብፅ የናውክራቲስ ከተማ ሰው የሆነው ጸሐፊ አቴናዮስ ነው። ከተረፈው ውስጥ አንዱ ቀጭን ረጅም ዓሣ እንዴት እንደሚሠራ ይናገራል፦ ሆዱን አጽዳ፣ ራሱን ቁረጥ፣ እጠብ፣ ክተፍ፣ ከዚያ ቺዝና ዘይት። ይኸው ነው። የጸሐፊው ስም ከሚታወቅ የምግብ አሠራር ሁሉ በዕድሜ ከቀደምቶቹ የሆነው ይህ፣ ዓሣ ላይ ቺዝ ያደርጋል። ያውም በሲሲሊ!

በቀጣዩ መቶ ዘመን ግን ያው ደሴት ከሳሽ አበቀለች። የጌላው አርኬስትራቶስ በግጥም በጻፈው የምግብ መጽሐፍ፣ ጥሩ ዓሣ ሲሠራ የሲራኩዝ ሰው አጠገቤ እንዳይደርስ፣ ሁሉን በቺዝ እየሸፈኑ ያበላሹታል ብሎ ተማረረ። ስለዚህ የሮሙ አስተናጋጅ ቁጣ አዲስ አይደለም፤ የ2,400 ዓመት የቤተሰብ ጠብ ነው። ጠቡም አልተፈረደም፤ ዛሬም ባሪ ከተማ ሩዝ፣ ድንችና ሙስል የተባለውን ባለ ዛጎል የባሕር ፍጡር ባንድ ትሪ ሲጋግሩ ፔኮሪኖ የተባለ ቺዝ ይነሰንሱበታል። ማንም አይታሰርም።

አክስቴ ለጥየቃ የመጡ ጊዜ ግን ሚታይኮስም አላዳነኝም። መጥበሻው ላይ አጎንብሰው፣
«ይሄ የተጠቀለለው ምንድነው ልጄ? አንበጣ ነው?» አሉ።
«ሽሪምፕ ነው እትዬ፣ ከባሕር የሚወጣ።»
«አንበጣ ቢሆን ይሻልህ ነበር።»
ሄጄ አየሁ፤ ልክ ናቸው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት ይከለክላል፣ አንበጣን ግን ይፈቅዳል። እሳቸው ፓስታቸውን በስጎ በሉ፣ እኔ የእኔን።

የሽሪምፕ ፓስታዬ አሠራር ፓስታው እስኪበስል ያልቃል። ሽሪምፑን በረዶውን አሟሙቶ በደንብ ማድረቅ ነው፤ እርጥብ ከሆነ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። የገበታ ቅቤና ነጭ ሽንኩርት ላይ ጣል አድርጎ፣ ሮዝ ሲሆን ወዲያው ማውጣት፤ ጥቅልል ብሎ ክብ ከሠራ አልፎበታል፣ ላስቲክ ሆኗል። ፓስታው የተቀቀለበትን ውሃ አንድ ኩባያ አስቀሩ። ከፓስታው የወጣው ስታርች ቅቤውንና ቺዙን አያይዞ መረቅ ያደርጋቸዋል፤ ክሬም የሚያስፈልገው ይህን ውሃ ለደፋ ሰው ነው። ፓስታውን ከቅቤው ጋር አማስላችሁ መጥበሻውን ከእሳት አውርዱ፤ ቺዙ የሚገባው ያኔ ነው፣ ጥቂት ጥቂት፣ ከውሃው ጋር፤ ሽሪምፑም በመጨረሻ ይመለሳል። ቺዙን እሳት ላይ ከጨመራችሁት ይጓጉላል፣ ቅቤውም ይለያል። ተፈጭቶ በጣሳ የሚሸጠውንም አትግዙ፤ እንዳይጣበቅ የሚነሰንሱበት ዱቄት መረቁን አሸዋ ያደርገዋል። ቁራሹን ገዝታችሁ ራሳችሁ ፈግፍጉት፤ ረቡዕና ዓርብን ደግሞ ተዉት።