እንጅባራና ዳንግላ በእግር

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር የሄደ ሰው ሁሉ እንጅባራን «አውቃታለሁ» ይላል። የሚያውቃት ግን በመስኮት ነው። አስፋልቱ ዳር የተደረደሩ የቀርከሃ ወንበሮች፣ አፋቸው በቅጠል የታሰረ የከሰል ጆንያዎች፣ ጋቢ የደረቡ ሰዎች፣ አንድ ሁለት ፈረስ። ሾፌሩ ነዳጅ ይቀዳል፣ ተሳፋሪው ሻይ ፉት ይልና ጉዞው ይቀጥላል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ ሰው እዚያ ሲደርስ ልቡ ጣና ዳር ደርሷል።

እኛ ግን ወረድን። ባለቤቴ፣ የ11 ዓመቱ ልጃችንና የ7 ዓመቷ እህቱ ሆነን ሁለት ቀን በአዊ ዞን ለማሳለፍና ከተማ ውስጥ ስንሆን መኪና ላለመንካት ተስማማን። ምክንያታችን ቀላል ነበር። ልጆቻችን ከተማ ውስጥ ተራምደው አያውቁም። ከቤት ወደ ሰርቪስ፣ ከሰርቪስ ወደ ክፍል፣ ቅዳሜ ደግሞ ከመኪና ማቆሚያ ወደ ሞል ነው ኑሯቸው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በወር አንድ እሑድ ከጎዳና ጋር አስተዋውቋቸዋል። ችግሩ፣ መንገድ ለሰው የሚሆነው በወር አንዴ ብቻ ነው ብለው ማመናቸው ነው።

ጉዟችንን ከመገንጠያው ጀመርን። ዋናው አስፋልት ወደ ባሕር ዳር ሲያቀና ሌላው ወደ ምዕራብ ታጥፎ በቻግኒና በግልገል በለስ አድርጎ ወደ ጉባ፣ ወደ ህዳሴው ግድብ ይወርዳል። እዚህ ጋ ቆሞ ሩብ ሰዓት መመልከት ብቻውን አንድ ትምህርት ነው። ደጋና ቆላ የሚገናኙት በዚህች መታጠፊያ ነው። አንዱ መኪና ድንች ጭኖ ይወርዳል፣ ሌላው ከቆላው እህል ጭኖ ይወጣል። ትልልቆቹ ሰዎች ከተማዋን አሁንም «ኮሶበር» ሲሏት ትሰማላችሁ፤ የቀድሞ ስሟ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ሹራብ ያልያዘ ሰው ጠዋት ጠዋት ጋቢ መግዛቱ አይቀርም።

ታፔላ ማንበብ የሚወደው ልጃችን ገና ብዙ ሳንራመድ ቆመ። «ይሄ ፊደል ምንድነው?» በአንድ መሥሪያ ቤት ሰሌዳ ላይ የአማርኛው ጽሑፍ አለ፣ ከእሱ ጋር ደግሞ በእኛው ፊደል የተጻፈ የማይገባን ቋንቋ። የአዊ ሕዝብ ቋንቋ ነው። የአገው ቋንቋዎች አማርኛ የሌለው፣ በአፍንጫ የሚወጣ አንድ ድምፅ አላቸው። ለእሱ «ጘ»፣ «ጚ» እያሉ የሚሄዱ ፊደላት አሏቸው፤ የቋንቋው ስም ራሱ «አውጚ» ተብሎ ሲጻፍ ታገኙታላችሁ። በአካባቢው ልጆች አንደኛ ደረጃን የሚማሩት በዚሁ ቋንቋ ነው። ልጄ ሁሉን ፊደል ጨርሻለሁ ብሎ የሚኮራ ስለነበር ለጊዜው ከፋው። እህቱ ግን እስከ ማታ ድረስ በአፍንጫዋ ስትለማመድ ዋለች።

ወደ ቀርከሃ ሠሪዎቹ ስትጠጉ ጊዜ ይኑራችሁ። ከመኪና ሲታዩ ዕቃ ሻጮች ይመስላሉ፤ ቀርባችሁ ስታዩአቸው ግን መንገድ ዳሩ ራሱ የሥራ ቦታቸው ነው። አንዱ በቢላ ይሰነጥቃል፣ አንዱ አረንጓዴውን ልጣጭ ይገፋል፣ ሌላው ያያይዛል። ሲሠሩ ያየናቸው አንድ አዛውንት ልጄ ቀጭኑን ቀርከሃ ሲያነሳ አይተው ሳቁ።

«አባባ፣ ይሄ አይሆንም?»

«እሱ ገና ልጅ ነው ልጄ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርከሃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ነቀዝም ይበላዋል። መጀመሪያ ይደግ።»

አንዲት ትንሽ ዱካ ገዛን። ዋጋውን እሳቸው ሲነግሩን ተከራከርን፣ እሳቸውም በትዕግሥት ሰሙን፣ መጨረሻ ላይ በጠየቁት ዋጋ ወሰድናት። ሥራውን እያየ አንድ ሰዓት የቆመ ሰው መከራከሪያ አያገኝም።

ገበያው ውስጥ ብዙ አልቆየንም፤ እንደማንኛውም የደጋ ገበያ ነው፣ ድንቹ ግን ይለያል። በክምር በክምር ተሰፍሮ አይታችሁ ዝም ብላችሁ አታልፉም። የተቀቀለውን ከነልጣጩ ትኩሱን በአዋዜ ቀምሰን መንገዳችንን ቀጠልን።

እንጅባራን እንጅባራ የሚያሰኘው ግን ፈረሱ ነው። እዚህ አገር ፈረስ ጌጥ ብቻ አይደለም። ይጋልቡታል፣ ይጭኑበታል፣ ጋሪ ይስብላቸዋል። ከከተማው ትንሽ ወጣ ስትሉ ደግሞ እንደ በሬ ተጠምዶ ሲያርስ ታያላችሁ፤ ይህን በሌላው የአገራችን ክፍል እምብዛም አታገኙትም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጥሩ ጊዮርጊስ፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን እዚህ ያከብራል። ሰባቱ ቤቶች አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ቻራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ናቸው። ማኅበሩ የዓድዋ ዘማቾችንና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ልብ በሉት፤ ጣልያን ገና ከአገር አልወጣም ነበር። ዓድዋን ለማሰብ ያን ጊዜ መሰብሰብ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። በሌላው ጊዜ ማኅበሩ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሰርግ ያጅባል፣ የተጣላ ያስታርቃል።

እኛ የሄድነው በጥር አልነበረም፤ ሜዳውን ያየነው ያለ ፈረሰኛ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ባዶ መሆኑ ለእኛ ተመችቶናል። ልጆች ኳስ ያባርራሉ፣ ጥጃ ይግጣል፣ ተማሪዎች ሣሩ ላይ ተቀምጠው ያጠናሉ፣ እናቶች አቋርጠውት ወደ ገበያ ይሄዳሉ። አጥር የለም፣ ትኬት የለም፣ ጥበቃ «ወንድሜ፣ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው» አይልም። ሴት ልጃችን ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስማቸውን ከማታውቃቸው ልጆች ጋር ትሮጥ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ለማግኘት ወይ መክፈል ወይ ተራ መጠበቅ ለምደናል።

ከተማዋ እያደገች ነው። የዞኑ መቀመጫ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ፎቆች በዋናው መንገድ ዳር ይነሳሉ። በሚያድግ ከተማ ክፍት መሬት «ባዶ ቦታ» ተብሎ ይጠራል፤ ባዶ የተባለ ነገር ደግሞ ቶሎ ባለቤት ያገኛል። የፈረስ ሜዳ ግን ባዶ አይደለም። በዓመት አንድ ቀን በሺዎች የሚቆጠር ፈረስ የሚይዝ፣ በቀሪዎቹ ቀናት ልጅና ጥጃ የሚውልበት አደባባይ ነው። በእኔ ግምት ለእንጅባራ ከየትኛውም የተነጠፈ መናፈሻ የሚበልጥባት ይኸው ነው፤ በፕላን ላይም ከአስፋልቱ እኩል በወፍራም መስመር ሊሰመር ይገባዋል።

አስፋልቱን ካነሳን አይቀር፣ የማይመቸውንም ልንገራችሁ። ከሰዓት በኋላ ወደ ዘንገና ሐይቅ በእግር ለመሄድ ወጣን። ሐይቁ ከእንጅባራ በአዲስ አበባ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወጣ ብሎ ይገኛል፤ ለጎበዝ እግረኛ ከሁለት ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። መንገዱ ግን የመኪና እንጂ የሰው አይደለም። ከባድ መኪኖች በአጠገባችሁ ሲያልፉ ነፋሱ ይገፋችኋል። ያም ሆኖ መንገዱ ዳር ሰው ሞልቷል፤ ደብተር የያዙ ተማሪዎች፣ ከሰል የተሸከሙ ሴቶች፣ አህያ የሚነዱ ልጆች፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ የጣሉ ሽማግሌዎች። አብዛኛው ሰው በእግሩ በሚሄድበት አገር ለእግረኛ የተረፈው ከአስፋልቱ ጠርዝ እስከ ቦዩ ያለችው አንድ ክንድ መሬት ናት። ልጆቻችንን በግራ በኩል፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና እያዩ እንዲሄዱ አደረግናቸው። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ግን ይህቺን ብቻ በባጃጅ ሂዱ።

ዘንገና ድካሙን ያስረሳል። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ትቶት በሄደው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ክብ ሐይቅ ነው፤ ከመንገዱ ሁለት እርምጃ ገባ ሲሉ በድንገት ከእግር ሥር ይከፈታል። ዙሪያው በዛፍ የተሸፈነ ነው፤ ጦጣዎቹም ምሳችሁን ከእናንተ ቀድመው ያዩታል። ጠርዙን ይዛችሁ ዝም ብላችሁ ዙሩ። ዳሩ ቁልቁል ነውና የልጆቻችሁን እጅ አትልቀቁ።

በማግስቱ ወደ ዳንግላ በሚኒባስ ሄድን፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሐል ላይ አዲስ ቅዳም አለች። በዚህ አካባቢ ኮረብታውን የሞላውን ቅጠለ ለስላሳ ዛፍ ልብ በሉት፤ ዲከረንስ ይሉታል። ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፣ በሚቀጥለው ዓመት በመሐሉ የበቀለውን ሣር ያጭዳል፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፣ መሬቱንም መልሶ ጤፍ ይዘራበታል። አዲስ አበባ ቡና ከምናፈላበት ከሰል አንዱ ከዚህ የተጫነ ሊሆን ይችላል።

ዳንግላ ከእንጅባራ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ወዲያው ሹራባችንን አወለቅን። ረጋ ያለች፣ ለመራመድም የበለጠ የምትመች ከተማ ሆና አገኘናት። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ስትገቡ የምትሰሙት የጋሪ ፈረስ ኮቴ ነው። ፍጥነቱ ከሰው ሩጫ ብዙም ስለማይበልጥ ልጅ እየተጫወተ ያለበትን መንገድ ጋሪ አያስፈራውም፤ ባለጋሪው «ዞር በል ልጄ!» ይላል፣ ልጁም ዞር ይላል። ምሳችንን በዳጉሳ እንጀራ በላን። ጠቆር ያለ፣ ጠገግ የሚያደርግ እንጀራ ነው፤ ልጆቹ መጀመሪያ በጥርጣሬ አዩት፣ በኋላ ደገሙ።

ይህቺ ከተማ አንድ ጊዜ የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጫ እንደነበረች ስንቶቻችን እናውቃለን? ሮበርት ቺዝማን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው ዳንግላ ነበር። ከዚህ እየተነሳ በእግርና በበቅሎ የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ ዞሮ በካርታ አሰፈረ፤ መጽሐፉንም እ.ኤ.አ. በ1936 አሳተመ። ልጃችን «ቆንስል ቢሮ አይቀመጥም እንዴ?» አለ።

ከአሥር ሰዓት በኋላ ያለው ሰዓት የዳንግላ ምርጥ ሰዓት ነው። ሥራ የፈታ ሁሉ ይወጣል። ቡና በየደጃፉ ይፈላል፣ ጓደኛሞች ተያይዘው ይሄዳሉ፣ ሰውም ያላወቀውን «እንዴት ዋላችሁ?» ይላል። የመጀመሪያው ቀን ልጆቼ ሰላምታውን ሲሰሙ እኔን ያዩ ነበር፤ እዚህ ግን ሳልነግራቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ጀምረዋል።

ለመሄድ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ክረምቱን ተዉት፤ የአዊ ዝናብ ብርቱ ነው፣ ጭቃውም ጫማ ያስቀራል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ሜዳው አረንጓዴና ቢጫ ነው። ለጥር 23 የምትሄዱ ከሆነ ማረፊያ ቀደም ብላችሁ ያዙ። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ፈረሱንም ቢሆን ባለቤቱን ጠይቁ። ለድንቹ ደግሞ ባዶ ጆንያ ይዛችሁ ሂዱ።